የማልፍሪ የመጨረሻ ስንኝ

ኦስሂል ፒያኖ ተጫዋች ናት። እንጀራዋ ማስተማር ነው፤ ልቧ ግን ያለው ሰው ከረሳቸው የኖርዌይ የሙዚቃ ደራሲዎች ዘንድ ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ታላቁን ደራሲያችንን ሲያወድሱባት ፊቷ ይጠቁራል። «እሱ ጠበቃ አያስፈልገውም» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሟች ኦርጋን ተጫዋቾችን ሣጥን ስትበረብር ኖራለች። እኔ ጎረቤቷ ኤይልፍ ነኝ፤ በማሻገሪያ ጀልባ ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ። በልጅነቴ በመንደሩ ማርሽ ባንድ ጥሩምባ ስነፋ ኖታ ስለተማርኩ፣ እሷ ስትጫወት ገጽ እገልጥላታለሁ።

አምና ክረምት የማልፍሪ ሊየንን አሥራ ሁለት ዘፈኖች አገኘች። ማልፍሪ አንድም ሥራዋ ሳይታተም የሞተች የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ነበረች፤ ዘፈኖቹ ያሉት በራሷ እጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። የኦስሂል ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ዘፈኖቹ ያሉበትን ካርቶን እኔ ቤት አስቀመጠችው። አሥራ አንዱን እየመጣች በራሷ ወረቀት ላይ ገለበጠች። አሥራ ሁለተኛውን ገና ሳትገለብጠው አንድ እሑድ እኔ ቤት ባለው አሮጌ ፒያኖ ሞከርነው።

«አንተ ዝፈን፣ እኔ ልጫወት» አለችኝ።

«ድምፄ የጀልባ ሞተር ነው እኮ።»

«ሞተሩን አስነሣዋ፣ ምን ታስለምነኛለህ!»

ሁለቴ ዘፈንኩት። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ፒያኖው ዝም ይላል፤ ድምፅ ብቻውን ይቀራል።

ማክሰኞ የማርሽ ባንዱ ወረቀት የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። ወላጆች በየቤቱ እየዞሩ አሮጌ ወረቀት ይለቅማሉ፤ ሸጠውት ለልጆቹ መሣሪያ ይገዛሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወረቀቴን ደጅ ሳላወጣ ቀርቼ አላውቅም። የዚያን ቀንም ጋዜጣውንም ያገኘሁትን ካርቶንም ሁሉ ሳልለይ እየተሸከምኩ አወጣሁ፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ቀትር ላይ የማልፍሪ ካርቶን የነበረበት ወንበር ባዶ መሆኑን አየሁ። 

ወደቡ ድረስ ሮጥኩ። ወረቀቱን የጫነው መኪና በረፋዱ የአራት ሰዓት ጀልባ ተሻግሯል። ወደ ወረቀት ፋብሪካው ስደውል «ተፈጭቷል» አሉኝ።

ኦስሂል ደጃፍ ሦስቴ ሄጄ ሦስቴ ተመለስኩ። በአራተኛው አንኳኳሁና ነገርኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቷን ለብሳ ቤቴ መጣችና ፒያኖው ላይ ተቀመጠች።

«ና፣ ሳይጠፋብህ።»

የፒያኖው ክፍል ጣቶቿ ላይ ነበር፤ ቃሉን ሁለታችንም ይዘነዋል፤ ዜማው ግን የቀረው እኔ ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው። 

«እዚህ ጋ ወረድክ?»

«አዎ። አይ፣ ወጣሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ፣ ኤይልፍ።»

እየተንፏቀቅን መጨረሻው ደረስን። ፒያኖው ዝም አለ። የስንኙን ዜማ ፈለግሁ፣ አጣሁት። እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። አፌን ስከፍት አንድ ዜማ ወጣ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ጻፈችው።

ሰኔ ላይ አንዲት ዘፋኝ በቤተ ክርስቲያን ዘፈነችው። እኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን አይጨበጨብም፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በር ላይ ሴቶቹ «መጨረሻዋ ሆድ ታባባለች» ተባባሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ኦስሂል ሙታንን ከመረሳት ለማዳን ዕድሜዋን ስትሰጥ፣ እኔ በሟች አፍ የራሴን ዜማ አኖርኩ።

መስከረም ላይ፣ ለኅትመት በእርሳስ ያዘጋጀችውን ረቂቅ አመጣችልኝ።

«ከማልፍሪ እጅ ጽሑፍ ላይ ያለ አንተ የዘፈነው የለም። አንዲት ኖታ የማልፍሪ ያልሆነች እንዳትገባ፣ አይተህ ፈርምልኝ።»

ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዋለ። በመጨረሻ የዚያችን ስንኝ ኖታ ሰረዝኩና ከጎኗ «ይህን አላስታወስኩም፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወስጄ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበችው። ተቀመጠችና እንደገና አነበበችው። ለመሄድ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ማጥፊያ አንሥታ ኖታዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ የስንኙን ቃል ብቻ ተወችው። «ባዶውን እናትመዋለን።»

«ዘፋኟስ ምን ታድርግ?»

«እዚያ ስትደርስ ዝም ትበል።»