የአዴ ሎኮን ደብዳቤ የሰፋሁበት መጽሐፍ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ስለ ሌላ ኃጢአት አውርቼ ተመልሻለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። እኔ የአንዲት እናት ደብዳቤ ሰርቄ በመቀስ ቆርጫለሁ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ነገሌ ውስጥ ግጥሞቼን በእጄ በምሠራቸው መጻሕፍት ነው የማወጣው። ቃጫ ቀቅዬና ወቅጬ፣ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ቀላቅዬ ገጽ እሠራለሁ። ሽፋኑ የፍየል ቆዳ ነው፤ ስፌቱ ከጆንያ የተፈታ ክር። ማንም አላስተማረኝም። ወስፌ ስንት ጊዜ ጣቴን እንደወጋኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አዴ ሎኮ፣ በእናንተ አነጋገር እማማ ሎኮ፣ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው ጃርሶ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ በየሳምንቱ እኔን ይጠሩኛል።

«አካም? ነጋ?» ሰላምታቸው ነው። «ና፣ ጃርሶ ዛሬ ምን ይላል?»

አነባለሁ። «ቡሬዋ ፍየል ወለደች ወይ?» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይስቃሉ። «ወይ ጃርሶ! እሷማ የልጅ ልጅ አየች በለው!»

እኔ ግን የማየው ወረቀቱን ነበር። የጠመንጃ ዘይት የነካው የጣት አሻራ ነበረበት፤ እጥፋቱ እንደ ጥጥ ለስልሷል። አንድ ቀን ዶሎ ኦዶ የሚሠራ የአዲስ አበባ ሰው መጽሐፍ ሊገዛኝ መጣ፤ በማግስቱ ሊሄድ ነው። የመጽሐፉ መሃል ገጽ ባዶ ነበር። ከግጥሞቼ አንዱም እዚያ ገጽ ላይ የሚቆም አልሆነም።

«አዴ፣ ደብዳቤው ሊቀደድ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በላስቲክ ላሚኔት ላስደርግልዎት» አልኳቸው።

አምነው ሰጡኝ። አራት ቦታ ቆርጬ ባዶው ገጽ ላይ ሰፋሁት፤ ሰውየው በማግስቱ መጽሐፉን ይዞ ሄደ። በምትኩ ስለ አንዲት ልጅ ጽፌ የጣልኩትን ግጥም ላሚኔት አስደርጌ መለስኩላቸው። ለምን ቃሉን እንኳ አልገለበጥኩም? ጊዜ አጣሁ ልበል? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ማን ያነበዋል ብዬ ነው። ይኸው ነው።

አዴ ሎኮ አገላብጠው አዩት። «ነጣሳ?»

«ላስቲኩ ነው፣ አዴ።»

«ጎበዝ። ዕድሜ ይስጥህ።»

ከዚያ ወዲህ የራሴን ግጥም በእጄ ይዤ የጃርሶን ደብዳቤ በቃሌ አነባለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ግቢያቸው ሲገባ ካየሁ ምግቤን ትቼ ተከትዬ እገባለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት መምህርት ከተልተሌ ተዛውራ መጥታ እሳቸው ጋ ተከራየች። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ደብዳቤ የተባለው በእጇ ነው።

«ዛሬ እሷ ታንብብ፤ ያንተ ድምፅ ሰለቸኝ» ብለው አዴ ሎኮ ሳቁ።

መምህርቷ አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደገና አነበበች።

«እማማ፣ ጽሑፉ አስቸገረኝ። እሱ ለምዶታል፣ ያንብብልዎት።»

ሰጠችኝ። ጀመርኩ። ዓይኗ ከፊቴ አልተነሳም፤ ፍየሏ ጋ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝ። አዴ ሎኮ ዓይናቸውን ጨፍነው እሳቸው ቀጠሉ፤ አንድ ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው።

መምህርቷ ተከትላኝ ወጣች። «ትነግራቸዋለህ ወይስ ልንገራቸው?»

አምስት ቀን ሆነኝ፤ አልሄድኩም። እንዳይቆጡኝ አይደለም የምፈራው። «የት አለ?» ይሉኛል። ምን እላለሁ? መጽሐፉን የገዛው ሰው ስልክ አይሠራም፤ አሁን ማን ቤት እንዳለ አላውቅም።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ደብዳቤው የእናንተ አልነበረም። ከእሳቸው ነው የምለምነው። ይቅር ቢሉኝ እንኳ የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ መመለስ አልችልም። እኔ ጋ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ እሱንም ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።