አይገባኝም

በ2006 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ጁባ ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል፣ በኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ወጣሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር የቀረነው ሠላሳ ሰው አንሞላም፤ ሌላው ባገኘው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ማይኩን ጨበጥኩና "ጌታ በክንፎቹ ጋረደኝ! በሬ ድረስ መጥተው ሳይገቡ ተመለሱ!" አልኩ። ሰዉ በእልልታ አቀለጠው። ውሸት አልተናገርኩም። በሬ ድረስ መጥተው የተመለሱት ግን ወታደሮች ሳይሆኑ ጎረቤቴና ባሏ ነበሩ።

ጎረቤቴ የደቡብ ሱዳን ሰው ናት። ያደገችው ጋምቤላና አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አትላባራ ሰፈር ውስጥ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ጨው ሲያልቅባት "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት!" እያለች በአጥሩ ላይ ብርጭቆዋን ታቀብለኛለች። እኔ ሆቴል ወጥ ሠሪ ስለሆንኩ ጨው አላጣም።

ተኩሱ በተጀመረ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ የጎረቤቴንና የባሏን ወገን ይፈልጋሉ ተባለ። የግቢዬ በር ተንኳኳ።

"እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልን።"

አልጋ ሥር ነበርኩ። እነሱን ካስገባሁ እኔም አለቀልኝ ብዬ ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ፤ ከዚያ ኮቴያቸው ራቀ። ባሏን መንገድ ላይ ገደሉት። እሷ ከከተማው ዳር ካለው የተፈናቃዮች ካምፕ ደረሰች። ይህን የሰፈራችን ባለሱቅ የነገረኝ ማይኩን ከመጨበጤ በፊት ነው።

ከዚያ ወዲያ የጌታ እራት ሲዞር ትሪውን ሳልነካ አጠገቤ ላለው አሳልፋለሁ። ፓስተሩ "ጸጋ ማለት ለማይገባን የተሰጠን ነው" ሲል፣ ለሌሎቹ ምእመናን ይሆናል እላለሁ። የእነሱ ኃጢአት ሐሜት ነው፣ ቁጣ ነው፣ ቢበዛ ቢራ ነው። በእኔ ግን ሰው ሞቷል። መዝሙር እዘምራለሁ፣ ድምፄ ያምራል ይሉኛል፣ ራሴን እጠላዋለሁ።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ቆየሁ። በ2007 ክረምት አንድ ቀን ቆረጥኩና አምስት ኪሎ ስኳር በቦዳቦዳ ሞተር ጭኜ ካምፕ ሄድኩ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ከሸራ ድንኳኗ ደጃፍ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ከስታለች። እግሯ ላይ ወደቅኩ።

"ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። "በሩ እኮ ከውስጥ ነበር የተቆለፈው።"

ልብሱን ጨምቃ ስታበቃ "ይቅር ብዬሻለሁ፤ ተነሽ ጭቃ ነው" አለችኝ።

"አይገባኝም።"

"ምኑ ነው የማይገባሽ? በአማርኛ ነው የነገርኩሽ!" ተቆጣች። "ሳኪት! አሁንስ ገባሽ?"

ሳኪት የጁባ ሰው ምክንያት ሲያጣ የሚላት ቃል ናት፤ እንዲያው፣ ዝም ብሎ፣ በነጻ። እኔ አይገባኝም ያልኩት ምሕረቱን ነበር። እሷ የሰማችው አማርኛው እንዳልገባኝ ነው።

ከዚያ ስኳሩን አየችው። "ይኼ ለባሌ ደም ከሆነ መልሰሽ ውሰጂው። ለሻይ ከሆነ አስቀምጪው።"

ለሻይ ነው ማለት ብቻ ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስኳሬን ተሸክሜ ያን ሁሉ ጭቃ ተመለስኩ።

ተስፋ የቆረጥኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ እችለው ነበር። እሑድ ትሪው መጣ፤ አሁንም አሳለፍኩት። ይቅርታውን ከእሷ ከራሷ አፍ ሰምቼ መቀበል ካቃተኝ፣ ምን ቀረልኝ?

በሦስተኛው ሳምንት ባዶ እጄን ሄድኩ። ለምን ብትሉኝ ሳኪት ነው መልሴ። ይዘንባል። ድንኳኑ የሚንኳኳ በር የለውም፤ ምን ብዬ እንደምጠራት ጨነቀኝ።

"እህቴ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

መልስ የለም። ውስጥ ዕቃ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። እባክህ ጌታ ሆይ፣ ዝም ትበለኝ፤ የሚገባኝ እሱ ነው አልኩ በልቤ። ሁለተኛ ሳልጠራ ሸራው ተገለጠ።

"ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳር አልነበረውም። እያለቀስኩ ጠጣሁት። እስከ ዛሬ ግን አልገባኝም።