በእኔ እግር አምስት እርምጃ

ጅረት ዳር ያለ መሬት እስከ አፋፉ መታረስ የለበትም ብዬ ሰው ማስተማር እንጀራዬ ነው። ከአዳማ በሚኒባስ እየተነሳሁ ወለንጪቲ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችን እሰበስብና ከጅረቱ አምስት እርምጃ ለሳርና ለዛፍ ልቀቁ እላለሁ። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉ ይበርዳል፣ ሳሩም ለከብት ይሆናል። ጥሩ እናገራለሁ። ባለቤቴማ ቤት ውስጥም ስብሰባ ላይ እንዳለህ ነው የምታወራው ትለኛለች፤ ማድነቋ ግን አይመስለኝም።

ከሁሉ የምኮራው በልኬቴ ነበር። አፋፉ ላይ ቆሜ፣ ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ፣ «አንድ! ሁለት!» እያልኩ በሰው ማሳ ላይ እወነጨፋለሁ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ያን ጊዜ እግሬ ከየት እንደሚረዝም እንጃ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ፣ አባቴ ካወረሰኝ መሬት በታች እዚያው ጅረት ዳር የሚኖሩ ሰው ናቸው።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ያንተስ መሬት?»

መሬቴን በእኩል የሚያርስልኝ ሰው እስከ አፋፉ ነበር የሚያርሳት። «አንድ ፈር እንዳታስቀር» ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሄጄ ካየኋትም ዓመታት አልፈዋል።

ሽማግሌው ሰው ፊት አላዋረዱኝም። ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ወስደው አሳዩኝ። የእኔ አፋፍ በተናደ ቁጥር ጅረቱ ወደ እሳቸው ጓሮ ይዞራል፤ በየክረምቱ መሬታቸውን እየበላ የቤታቸው ጀርባ ደርሷል። በግድግዳውና በገደሉ መካከል አንድ በሬ ማዞር አይቻልም።

«ይህ ቤት ከፈረሰ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አልሠራም» አሉኝ። አፈርኩ። ፈራሁም።

የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ የዝሆን ሳር ቁርጥራጭ በጆንያ ሞልቼ ደረስኩ። ለስንቱ ገበሬ አተካከሉን ያሳየሁ ባለሙያ ግማሹን ዘቅዝቄ ተክዬው ኖሯል፤ ሽማግሌው ከኋላዬ እየነቀሉ አቀኑልኝ።

የሳሩን ድንበር በችካል እያመለከትኩ ስለካ ከላይ ጥሩ ሄደ። ታችኛው ጥግ፣ ጥቁሩ ለም አፈር ያለበት ስደርስ ግን የሚበቅለው ጤፍ ታየኝ መሰለኝ፣ እርምጃዬ የሙሽራ ሆነ። አምስቱ ሦስት እንኳ መሙላቱን እጠራጠራለሁ።

«ስብሰባው ላይ ረጅም ነበርክ እኮ» አሉኝ።

ሳቅሁ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለው እሳቸውም ሳቁ። ችካሉን አርቀው አላሉኝም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አምስት!» አልኩና ተከልኩት።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ጎርፍ መጣ ብለው ደወሉልኝ። ስደርስ የላይኛው ሳር ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ አፋፉ ንቅንቅ አላለም። ታችኛው ጥግ ላይ ሳሩም ችካሌም የሉም። ውሃው በዚያው ሰብሮ ወደ ሽማግሌው ጓሮ ገብቷል። ቤታቸው ቆሟል፤ የጀርባው ግድግዳ ግን ጭቃው ረግፎ ማገሩ ብቻ ቀርቷል። በማገሩ መሐል አልጋቸው ይታያል። ፍራሻቸውን አጥሩ ላይ አስጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

ቢቆጡኝ በወደድኩ። ያቺን ጥግ ያሳጠርኩት እያዩኝ ነበር፤ የሳቅነውም አብረን ነው።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ተነስተው በጭቃው መሐል ወደ ማሳዬ ወጡና አዲሱ አፋፍ ላይ ቆሙ። «ችካል ያዝና ና» አሉ። «አሁን እኔ ልለካ።»

ረጅም ናቸው። አረንጓዴውን ጤፌን እየረገጡ ሄዱ፤ እኔም ሳልቆጥር ከኋላቸው ተከተልኩ። አምስተኛው ላይ ቆመው ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አንድ ጨመሩ።

ችካሉን እዚያ ተከልኩት።