ዘፈኑ ሳያልቅ መግባት የለም

የሲኒማ ቤቱ ደንበኞች «እትዬ መጋረጃ» ነበር የሚሏት። አዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለው ከባድ ቀይ መጋረጃ አጠገብ ቆማ ቲኬት ስትቀድድ ነው ያረጀችው። ሰው ሁሉ ሲኒማ ቤት ስለምትሠራ ብቻ ፊልም ጠግባ የምታድር ይመስለዋል። ውሸት ነው። የመጨረሻው ደንበኛ ሲገባ ደረጃውንና መጸዳጃ ቤቱን ልታጸዳ ትወርዳለች፤ የምትመለሰው መብራት ሲበራ ነው። ከፊልሙ የሚደርሳት መግቢያው ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱንም ጀርባዋን ሰጥታ።

ቤቱ የካውቦይ ፊልም ቤት ነበር። በካውቦይ ዘፈን ጉዳይ ደግሞ እትዬ መጋረጃን የሚያህል ቁጡ ዳኛ አልተገኘም። ጥሩ ዘፈን ለእሷ ጥቂት ቃል ያለው ነው፤ ሰውየው ምን እንደሚፈራ ይነግርህና ዝም ይላል፤ ቀሪውን ፊልሙ ይጨርሰው። መጥፎው ግን ገና ወንበር ሳትይዝ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ ማን እንደከዳው፣ ማንን እንደሚገድል ዘክዝኮ ያወራልሃል። «ታዲያ ከፍሎ የገባው ሰው ምን ሊያይ ነው?» ትላለች እየተንጨረጨረች። መንደር ሙሉ ሰው በሚያልቅበት ፊልም ላይ ሠርግ ይመስል እያጨበጨቡ የሚዘፍኑትንማ ባታነሷቸው ይሻላል። ፈረስ በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቅ የከተማ ድምፀ መረዋ ስለ በረሃ አቧራ ሲያለቃቅስም ደሟ ይፈላል።

ፍርዷን የምታስፈጽመው በመጋረጃው ነበር። ዘፈኑ መጥፎ ከሆነ ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምንም አልቀረባችሁም» እያለች ትለቀዋለች። ጥሩ ከሆነ ግን መጋረጃውን ጨብጣ ትቆማለች፤ የከንቲባው ልጅም ቢመጣ ዘፈኑ ሳያልቅ አይገባም። ደንበኛውም ለመደ። ደጅ ካቆመችው ፊልሙ ጥሩ ነው ብሎ በደስታ ይጠብቃል፤ ቶሎ ካስገባችው ፊቱ ይጠቁራል።

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው በአንድ ጊታርና በፉጨት የሚጀምረውን ነው። ቋንቋውን አትሰማም፤ ትርጉሙን የነገራት የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች የሆነው ታናሽ ወንድሟ ነው። ፈረሱን ሸጦ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው፤ እናቴ ታውቀኝ ይሆን እያለ ይሰጋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እናቱ አወቀችው አላወቀችው፣ ዘፈኑ አይናገርም፤ እሷም ስታስብ ኖራለች።

ጡረታ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ላክብራት ብሎ መሃል ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ፊልሙንም እሷ እንድትመርጥ አደረገ። የቱን እንደመረጠች የታወቀ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። መብራት ጠፋ። ገና በደንብ ሳትደላደል ሰውየው ፈረሱን ሸጦ መንገዱን አጋምሶታል። ጊታር የለ፣ ፉጨት የለ።

እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። የሰው እግር እየረገጠች ወጥታ ወንድሟ ያለበት የማጫወቻ ክፍል ደረሰች።

«ዘፈኑን የት አደረስከው?»

«ቆረጥኩታ፣ እታለም» አላት ደንግጦ። «ሥራ አስኪያጁ ከዛሬ ጀምሮ የሁሉንም ቁረጥ ብሏል። ሰዓት ተርፎ ሌላ ትርኢት እንዲገባ ነው አሉ።»

«የሁሉንም? ያንን ለፍላፊውንም ይሄንንም እኩል?»

«እኩል።»

«መጥፎዎቹን ብቻ ቢያስቆርጥ እጁን በሳምኩት። እሺ፣ እሱ ትናንት የመጣ ነው። አንተ ምን ሆንክ? ቀኑ የኔ መሆኑን አታውቅም?»

«አውቄማ ነው። ዘፈኑን ዕድሜሽን ሙሉ ሰምተሽዋል፤ ዛሬ እንኳ ቶሎ ወደ ፊልሙ ትግቢ ብዬ ነው።»

ያንገበገባት ይሄ ነው። የሥራ አስኪያጁ ድፍረት ከዚህ አይብስም።

«መቼ ነው የሰማሁት?» አለች። «አንዱ ቲኬት ጠፍቶበት ኪሱን ሲፈትሽ፣ የሌላዋ ልጅ ሲያለቅስ፣ እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ሰው ስመልስ። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። አንተ እዚህ ሆነህ በመስኮት ታየኝ አልነበር?»

ወንድሟ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የፊልም ቆርቆሮ ሳበ፤ ጠዋት የቆረጣቸው ዘፈኖች እዚያ ውስጥ ተጠቅልለው ነበር።

«ሕዝቡ ሲወጣ ብቻሽን አሳይሻለሁ። አሁን ውረጂና ቀሪውን እይ።»

«ያለ ዘፈኑ አላይም» አለችና በርጩማው ላይ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ወርዳ መሃል ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ጊታሩ ጀመረ፤ ፉጨቱ ተከተለ። የምትቀድደው ቲኬት አልነበረም። ዘፈኑ ገና ሳይጋመስ ከኋላዋ ብርሃን ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ አበባ ይዞ መጋረጃውን ገልጧል።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ደጅ ላይ ሁላችንም እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

ዞር ብላም አላየችው።

«መጋረጃውን መልሰው። ዘፈኑ ሳያልቅ መግባት የለም።»

ሥራ አስኪያጁ መጋረጃውን ለቀቀና ከነአበባው ደጅ ቆሞ ጠበቀ።