ልጄን መንገድ የሚያስወጣት ኮምፒውተር

ልጄ መጽሔትና የሠርግ ካርድ አዘጋጅ ናት። ቤታችን አዳማ፣ ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ። በሳምንት ሦስቴ ትመላለስ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል ድረስ እኔ አንድ ሥራ በቅጡ አልሠራም፤ ሽንኩርት የሚገዛኝ ሰው ቆሞ እየጠራኝ አልሰማም። ሹፌሮቹ እንዴት እንደሚነዱ አውቃለሁ፤ ሞጆ መግቢያ ላይ ያየሁትን አደጋም አልረሳም።

ስለዚህ ኮምፒውተር ገዛሁላት። እዚሁ ሆነሽ ሥሪና በኢንተርኔት ላኪ አልኳት። እሷ ካርቶኑን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። ማተሚያ ቤቶቹ የሚሠሩት በማክ ነው አለችኝ በኋላ። ማክ ማለት ጀርባው ላይ የተገመጠ ፖም ያለበት ነው። ይኼኛው ፊደል አይጽፍም ወይ አልኳት። ይጽፋል። ፎቶስ አያሳይም? ያሳያል። ታዲያ ምን ጎደለው ስላት፣ ሁሉም ሰው የሚሠራው በዚያኛው ነው አለች። እንደ እኔ ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው እንኳ ይኼ መልስ አይሆንም።

ከዚያ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት የምረቃ መጽሔት መጣላት። የልጆቹ ፎቶ ተደርድሮ ከሥር ከሥሩ ስማቸው ተጽፏል። ልጄ ሥራ ስትጨርስ ሁልጊዜ ማተሚያ ቤት ሄዳ፣ ከባለሙያው ጎን ተቀምጣ፣ በነሱ ማሽን ገጽ በገጽ ታያለች። ያን ቀን ግን ዝናብ ነበር፣ አስፋልቱ ያንሸራትታል። በሩ ላይ ቆምኩባት። አለቀስኩም። እሺ ብላ ላከችው።

ታትሞ ሲመጣ ስሞቹ አንድ አንድ ፎቶ ወደ ታች ወርደዋል። እኛ ኮምፒውተር ላይ ያለው የፊደል ዓይነት እነሱ ጋ የለም፤ ማሽኑ በራሱ ሰፋ ያለ ፊደል ተካበት፣ አንድ ረጅም ስም ሁለት መስመር ሆነና የቀሩትን ገፋቸው። ጥርሷ የወለቀ ሴት ልጅ ሥር የወንድ ስም ተጽፏል። አንዷ እናት ቤታችን ድረስ መጥታ "ልጄን ለጎረቤቴ ሰጣችሁብኝ" አለችን። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ደግሞ ለምረቃው ቀን ተስተካክሎ ካልደረሰ ከእንግዲህ ሥራ እንደማትሰጣት ነገረቻት። ልጄ የተበላሸውን መጽሔት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው የሹፌሩን ማጅራት እያየሁ አብሬያት ሄድኩ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ሸበቶ ሰው ናቸው። ከዚህ ባለ ፖም ዕቃ ጋር ምን አጣበቃችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳይቆጡ ወንበር ሰጡኝ። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ጽሑፍና ፎቶ በመቀስ እየተቆረጠ፣ በሙጫ እየተለጠፈ ነበር ገጽ የሚሠራው። በኋላ ይኼ ማሽን መጣ፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣውን አስቀድሞ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች በእሱ ተማሩ፣ ፊደላቸውን እሱ ላይ ጫኑ፣ ዓይናቸው የእሱን ቀለም ለመደ፣ ተማሪዎቻቸውንም በእሱ አስተማሩ።

"ዛሬ ሌላውም ያንኑ አይሠራም ወይ?" አልኳቸው።

"ይሠራል።"

"ታዲያ ለምን አትቀይሩም?"

"እህቴ፣ ሺህ መጽሔት ተበላሽቶ ሲወጣ፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ የሚል ማን ነው? እንፈራለን።"

ከተማ ሙሉ ባለሙያ በፍርሃት አንድ ዕቃ ይዞ ተቀምጦ፣ ሰፈሬ ውስጥ ፈሪ የምባለው እኔ ነኝ። እኔ እኮ የምፈራው ለሰው ነው።

መጽሔቱን እዚያው አርመው ለምረቃው አደረሱላት። ከእንግዲህ ቤትሽ ሠርተሽ የመጨረሻውን ቀን ብቻ እየመጣሽ በኛ ማሽን እዪ አሏት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ ፈቃድ ስትጠይቀኝ አልነበረም፣ እንዳላለቅስ ነው። በጠዋት የምትሄጂ ከሆነ፣ የፊት ወንበር ላይም የማትቀመጪ ከሆነ ሂጂ አልኳት።

ዛሬም ሄዳለች። ዱከም ላይ መንገዱ ተጨናንቋል ብላ ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳም። ገጽ እያየች ይሆናል። ገጹ ሃያ አራት ነው፤ ይኼን ያህል ምን ያስቆያታል?