የባስ ክር ቋጣሪዋ ቬልዳ

ቬልዳ ታኬት ከአባቷ አፍ አንድ ነገር ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸበተ። «ቋጠሮሽ ደህና ነው» እንዲላት ነበር የምትፈልገው፤ ይኸው ነው። አባቷ ሆበርት ደግሞ ይህን ከሚላት ጥርሱን ነቅሎ ቢሰጣት ይቀለው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከኦዛርክ ኮረብቶች ሥር ካለው የእንጨት መሰንጠቂያ ጡረታ የወጣ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ ከፀጉር በተሠራ የመንጠቆ ዝንብ በማጥመድ ስሙ የተጠራ፣ ምላሱ ግን መርዝ የሆነ ሰው ነበር።

ቋጠራውን ያስተማራት በኩርኩም ነው። ከወፍራሙ የመወርወሪያ ገመድ ጫፍ እስከ ዝንቧ ድረስ ያለውን ክር እነሱ «መሪ» ይሉታል። ወፍራም ናይለን ይነሣና ከሱ ቀጠን ያለው ይቋጠርበታል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀጭን። ለባስ ሲሆን አጭርና ጠንካራ መሆን አለበት፤ ዝንቧ የአጋዘን ፀጉር ተጠቅጥቆባት ጫጩት ስለምታክል፣ ክሩ ልፍስፍስ ከሆነ ነፋስ ይጫወትባትና የትም ትዘረገፋለች። ቬልዳ ልጅ ሳለች በውሃ ላይ ለምትንሳፈፍ ዝንብ የሚሰጥም ዓይነት ክር መርጣ ነበር። «ጭንቅላትሽ የተሞላው በሰጋቱራ ነው?» አላት፣ ያውም እንግዳ ፊት። ከዚያ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም። እሱ ግን የቋጠረችውን ሁሉ ይጎትታል፤ ካላማረው በጥርሱ ቆርጦ ጫማዋ ላይ ይተፋዋል። ካማረው ዝም ብሎ ኪሱ ይከታል። ዝምታውን እንደ ምርቃት ቆጥራ የኖረች ምስኪን ናት።

እናትየው ሞተች። ወንድሟ ኮይ ተልሳ ከተማ ገብቶ መኪና ይሸጣል፤ ለገና ይደውላል፣ በቃ። ሆበርትን ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ግማሽ ከንፈሩም ደነዘዘ። አሁን ቬልዳ ከምትሠራበት የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ስትወጣ ትመግበዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክማ ጀልባ ላይ ታስቀምጠዋለች። የማጥመጃ ዘንጉን በደህናው እጁ ይይዛል፣ ገመዱን በጥርሱ ይስባል፣ እሷ ትቀዝፋለች።

«ላም ብትቀዝፍልኝ ይሻል ነበር» ይላታል።

«ላም አትቋጥርልህም፣ አባዬ።»

«አንቺም አልቻልሽበትም።»

በዚያ ዓመት ጸደይ አንድ ቅዳሜ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ዝንቧን የሆነ ነገር ውጦ ወረደ። ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ዘለለ፤ ሁለቱም አዩት፤ ሆበርት በዕድሜው እንደዚያ ያለ ይዞ አያውቅም። ወዲያው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ግንድ ሥር ገባና ክሩ ተጠመጠመ።

«ግቢና አስለቅቂው» አላት።

«ውሃው በረዶ ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማን ይግባ፣ እኔ ልግባ? ከነዚህ የቂል ቋጠሮዎችሽ አንዱ ከተበጠሰ እዚያው ቅሪ።»

ገባች። ውሃው ደረቷን ሲነካት ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ክሩን በጣቷ ይዛ ወደ ታች ወረደች፤ ወፍራሙን አለፈች፣ መካከለኛውን አለፈች፣ ሁሉም ቋጠሮ እንደያዘ ነው። ቀጭኑ ጋ ስትደርስ የዓሣው ጉልበት እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ክሩን ከግንዱ አላቀቀች፤ ዓሣውን በታችኛው መንጋጋው ያዘችና አንስታ አባቷ ጭን ላይ ጣለችው። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ፊቱን አየች። አሁን ይለኛል ብላ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እርግጠኛ ነበረች።

በዚያ ወንዝ ትልቅ ባስ የያዘ ሰው ፎቶው የማጥመጃ ዕቃ ሻጩ የዶይል ሱቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ ሁለት ስም ይጻፋል፤ የያዘው ሰውና መሪውን የቋጠረው። ዓሣ በሰው ክር ይዞ የቋጣሪውን ስም የደበቀ እንደ ሌባ ነው የሚታየው። ዓሣውን ይዘው በቀጥታ ወደዚያው ሄዱ። ቬልዳ ልብሷ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች፤ ዶይል እስክሪብቶውን አነሣ።

«ያዡ ሆበርት ታኬት። ቋጣሪው ማን ልበል?»

«ኮይ በል።»

ዶይል ቬልዳን ቀና ብሎ አያት። «ኮይ? ኮይን እዚህ ካየሁት ስንት ዘመኔ።»

«በፖስታ ይልክልኛል። ምን ታፈጣለህ? ዶሮ የምትበልት ሴት በቋጠረችው ነው ግድግዳ ላይ የምወጣው?»

ሱቁ ውስጥ ቡና ይዘው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ዶይልም ጻፈ። ቬልዳ አባቷን አቅፋ ወደ መኪናው ወሰደችው፤ ቀበቶውንም አሰረችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባው ላይ አዲስ ክር ቋጠረችለት። ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተግና ይግላል፤ ስለዚህ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይረጥባል። ካልረጠበ ውስጡን ይቃጠላል፤ ላዩ ደህና ይመስላል፣ ትልቅ ነገር ሲይዘው ግን እንደ በሰበሰ የጨርቅ ክር ይበጠሳል። ቬልዳ ዝንቧ አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን ቋጠሮ ወደ አፏ አስጠጋች። ምራቋን ዋጠች። ደረቁን ሳበችው። ሆበርት በአንድ እጁና በደነዘዘው ከንፈሩ ጎተት ጎተት አደረገው፣ ምንም አላወቀም።

ያን ቀን አንድ ዓሣ ክሩን በጥሶ አመለጠው። በሚቀጥለው ሳምንትም አመለጠው። በጋውን ሙሉ እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ ሰደባት፤ ቋጠሮውን ተፋባት፤ እሷም እያየ ደግማ ቋጠረች፣ ደረቁን። ቀስ በቀስ ስድቡ አነሰ። ዓሣ ሲነካው ዘንጉን አለልክ እስብ ይሆን ብሎ ራሱን መጠራጠር ጀመረ። ሱቅ ውስጥ «ሽማግሌው አበቃለት» ሲሉት ሰምቶ ቬልዳን ወደ መኪናው ውሰጂኝ አላት።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ከዚያው ቋጥኝ ሥር ሌላ ትልቅ ባስ ያዘ፣ ተበጠሰበትም። ሆበርት ባዶውን ክር ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ አለቀሰ፤ ስትሮክ በመታው ወገን ያለው ዓይኑም አነባ።

«ቬልዳ» አለ።

«አቤት አባዬ።»

«በአንቺ ላይ ክፉ ተናግሬያለሁ። ቋጠሮሽ ደህና ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር። የሞተው ይሄኛውም እጄ ነው።»

ቬልዳ መቅዘፊያውን ጨብጣ ቀረች። ይህን ለመስማት ነበር የኖረችው፤ ሲመጣ ደግሞ በተቃጠለ ክር ላይ መጣ። ደረቁን ነው የቋጠርኩት ብትለው በእጁ ላይ ያለውን እምነት ትመልስለት ነበር።

«እጅ ያረጃል፣ አባዬ» አለችው።

ወደ ዳር ቀዘፈች። ሆበርት ከዚያ ወዲያ ወንዝ ውሰጂኝ ብሎ አያውቅም። የብርዱን ወራት መስኮት ሥር ተቀምጦ ያን ደህና እጁን ሲያገላብጥና ሲያይ ከረመ፤ እሷም የደረቁን ቋጠሮ ነገር ሳትነግረው ሾርባውን በማንኪያ አጎረሰችው።