ጦይባ፣ የድልድዩ ዘብ

ልጅ ሳለሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል፣ ስቶክሆልም ውስጥ ዩልስታ በተባለ ሰፈር፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ የብርዱ ወራት ሲገባ ፀሐይ የምትጠልቀው እኛ ከትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽዳት ሥራዋ ስትሄድ እኔ ሁለት ፎቅ ወርጄ ጋሽ ይማምና ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ቤት እቆያለሁ። ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። ማለዳ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ የሚቆሙትን ባቡሮች የሚያጸዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ እኔ በምመጣበት ሰዓት ሥራቸውን ጨርሰው፣ አንድ እንቅልፍ ተኝተው ተነሥተው ይጠብቁኛል። ሳሎን ውስጥ ትልቁን መብራት አጥፍተው የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ሻማ ይለኩሳሉ። «መብራት ሲበዛ ተረት ይሸሻል» ይላሉ። የሻማው ክር ጢስና እትዬ ዘሐራ የሚቆሉት የገብስ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ቢሆን፣ ጆሮዬ ራሱ የሚነቃ ይመስለኛል።

የሚተርኩልኝ ግን የጦጣና የቀበሮ ተረት አልነበረም። ተሳፋሪዎች ወንበር ላይ ረስተው ከሚወርዱት ነገር መካከል ጋሽ ይማም አንድ የካርቱን መጽሔት አግኝተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዚያኑ መጽሔት ሌሎች ቁጥሮች ባገኙ ቁጥር በኪሳቸው ጠቅልለው ያመጡልኛል። የመጽሔቱ ጀግና የአንድ ወደብ ከተማ ድልድዮችን የሚጠብቅ፣ የብር የራስ ቁር የሚያጠልቅ ረጅም ነጭ ሰውዬ ነው። እሳቸው «የድልድዩ ዘብ» ይሉታል። ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ የሚታየው እሱ ነው። መጽሔቱን ከጀርባው ሲከፍቱት ግን፣ ከማስታወቂያዎቹ ቀጥሎ፣ ቀለም በሌለው ሻካራ ወረቀት ላይ ስድስት ገጽ ብቻ የተሰጣት አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። የወደብ ክሬን ነጂ ናት። ዘቡ በጠና ታሞ አልጋ ሲይዝ የራስ ቁሩን ለእሷ አወረሳት፤ ከዚያ ወዲያ ከተማውን የምትጠብቀው እሷ ሆነች፤ ሽፋኑ ላይ ግን አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። ስሟም መጽሔቱ ውስጥ ሌላ ነበር። ጋሽ ይማም ገና ሲያዩዋት «ይቺማ ጦይባ ናት፤ ቁርጥ የአክስቴን ልጅ!» ብለው ሳቁ፤ ለእኛም ጦይባ ሆና ቀረች።

ጋሽ ይማም ስዊድንኛ ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም ነበር፤ ይህን ለመደበቅ ሲሞክሩ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳርፈው «እዚህ ላይ ምን አለች፣ ልጄ?» ይሉኛል። አንብቤ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ተቀብለው ታሪኩን ይጀምሩታል። ጭጋጉ ይወርዳል፣ መርከቡ ያጉረመርማል፣ ጦይባ የብረቱን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይሰማኛል። አንዳንድ ቁጥር ከናካቴው ሳናገኘው ይቀራል፤ ያኔ የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታል።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ሱዳን ሳለን ስለሞተ ቤታችን እናቴ፣ እኅቴ ትዕግሥትና እኔ ነበርን። የቤታችን አፍ ትዕግሥት ነበረች። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ አንብባ የምታስረዳው፣ ጤና ጣቢያ ከእናቴ ጎን ተቀምጣ የምታስተረጉመው እሷ ናት፤ ስትናገር ተደናቅፋ፣ ቃል ጠፍቷት አይቻት አላውቅም። በዚያ መኸር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ነርስነት ልትማር ሩቅ ሰሜን፣ ኡሜኦ ሄደች። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ጉንጬን ስማ «እማዬን አደራ። ከእንግዲህ የምታወሪላት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ተሳሳትኩ። ፋርማሲ ውስጥ ሴትዮዋ የእናቴን ኪኒን አወሳሰድ ስታስረዳኝ ግማሹ አመለጠኝ፤ ድገሚልኝ ለማለት አፈርኩና ከምግብ በፊት በባዶ ሆድ እንድትውጠው ነገርኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆዷን ይዛ ስትቃጠል ከረመች። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቀስ ብዬ ሳነብ ከምግብ በኋላ ነው የሚለው። እያለቀስኩ ስነግራት «አይዞሽ፣ አልሞትኩ» ብላ ሳመችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ መጽሔቱን ለሚሰበስብ አንድ የክፍሌ ልጅ ስለ ጦይባ አወራሁት። መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቃትም፤ ኋላ ትዝ ሲለው ሳቀ። «እሷ እኮ ቪካሪ ናት!» አለኝ። ቪካሪ የምንለው አስተማሪያችን ሲታመም የሚተካውን፣ ማንም የማይሰማውን፣ ስናስቸግረው የምንውለውን ሰው ነበር። ቃሉ ለጦይባ ተወርውሮ እኔን መታኝ። እኔስ የትዕግሥት ቪካሪ አይደለሁም?

ማታ ለጋሽ ይማም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ልጁም፣ ስለ ኪኒኑም። ሻማውን በጣታቸው አስተካክለው፣ እጃችን ያልገባውን፣ ጦይባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩ ላይ የቆመችበትን ቁጥር ጀመሩልኝ። ሕዝቡ ሁሉ «የድሮው የት ሄደ?» እያለ ይጮኻል። ከጭጋጉ ውስጥ ሰው የሞላ መርከብ እየመጣ ነው፤ ድልድዩ ተነሥቶ ካላሳለፈው ሊጋጭ ነው። ድልድዩ የሚነሣበት ክፍል ውስጥ ሦስት እጀታ አለ። አንዱ ድልድዩን ያነሣል፣ አንዱ ይቆልፈዋል፣ ሦስተኛው ይሰብረዋል። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም።

«አንዱን ሳበች?» አልኩ።

«አልሳበችም። የራስ ቁሯን አወለቀች። ከዚያ ከታች የድልድዩን ሰንሰለት ግራሶ ወደሚቀቡት ሽማግሌ ጎንበስ ብላ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ ‹አባባ፣ እኔ አላውቀውም፤ የቱ ነው?› አለች።»

ተናደድኩ። «ጀግና ይጠይቃል እንዴ ጋሽ ይማም? ሰው አልሳቀባትም?»

«ሳቀ እንጂ! ሆዱን ይዞ ሳቀ። መርከቡ ግን አለፈ።»

እኔ ግን ያን ማታ ጦይባን ቀየምኳት። ትዕግሥት ብትሆን ታውቀው ነበር እያልኩ ነው የወጣሁት።

ኅዳር ላይ እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለእኔ የነገረችኝ ሌላ የምትነግረው ስለሌላት ነው። «ለትዕግሥት እንዳትነግሪያት፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» አለችኝ። ሐኪም ቤት ሄዳ በመርፌ ናሙና ሲወስዱላት አስተርጓሚ ነበረ፤ በስዊድንኛው ቶልክ የምንለው ማለት ነው። ውጤቱን በምንሰማበት ቀን ግን፣ እኔን ለአብሮነት ብቻ ይዛኝ ሄዳ ተቀምጠን ብንጠብቅ ብንጠብቅ ቶልኩ አልመጣም። ሐኪሟ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቀጠሮ ልስጣችሁ አለች። ለእናቴ ይህን ስነግራት ክንዴን ያዘችኝ።

«ሁለት ሳምንት? አልችልም። እስካሁንም በምን እንደቆየሁ ጌታ ነው የሚያውቀው። አንቺ ስሚልኝና ንገሪኝ።»

ሐኪሟ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች፤ ተንፍሳ ወረቀቱን ገለጠች። መናገር ስትጀምር ዓይኔን ከከንፈሯ ላይ አልነቀልኩም። ከአንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር መሀል አንድ ቃል ጎልቶ ወጣ፤ ጉድአርታድ።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ። «ጉድ ነው ያለችው? ምን ጉድ ተገኘብኝ?»

ቃሉን አላውቀውም ነበር። «ጉድ» በስዊድንኛ ጥሩ፣ ጣፋጭ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እብጠት እንዴት ይጣፍጣል? ሐኪሟ ፈገግ ብላለች፤ እሷ ግን ገና ስንገባም ፈገግ ብላ ነበር። «ደህና ነው ብላለች» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልክ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? እናቴ ሆዷን ይዛ የከረመችበት ሳምንት ፊቴ ላይ ተደቀነ፤ ያቺ የቀየምኳት ሴትም ራሷን ገልጣ ወደ ታች ስትጣራ ታየችኝ።

«ይቅርታ፣ ይህን ቃል አላውቀውም» አልኳት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ ቀረበችኝ። «እንኳን ጠየቅሽኝ» አለች ቀስ ብላ። «እብጠቱ ክፉ ዓይነት አይደለም ማለት ነው። ካንሰር አይደለም። እዚያው ቢቆይም እናትሽን አይጎዳትም። ገባሽ?»

«እማዬ፣ ካንሰር አይደለም።»

«ደግመሽ ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት። ያንኑ መለሰችልኝ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

በሦስተኛው ሐኪሟ እኔን ተወችኝና የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ካንሰር» ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችላት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። «ጌታ ይባረክ፣ ጌታ ይባረክ» ስትል ከሥሩ ይሰማኛል። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ እስክሪብቶውን አንሥቼ ለሐኪሟ ሰጠኋት።

በባቡር ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ድንገት እናቴ ሳቀች። «ጉድ ስትል እኮ ልቤ ቆሞ ነበር!» እኔም ተከተልኳት፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው እስኪሸፈኑ ድረስ ሳቅን። ዕንባዋን ስትጠርግ ደግሞ ፊቷ ኮስተር አለ። «ከዛሬ ወዲያ ቶልክ ካልመጣ እንመለሳለን እንጂ እንዲህ ያለ ነገር በአንቺ አፍ አይነገርም። ልጅ ነሽ» አለችኝ። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላም ስዊድንኛ ትምህርት ተመዘገበች። ጋሽ ይማም ቤት ስንደርስ እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ እትዬ ዘሐራ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ደረጃው ሁሉ አስተጋባ። ስለ ጦይባ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጦይባን አጣናት። አንድ ቀን መጽሔቱን ከጀርባው ስከፍት የስድስቱ ገጽ ቦታ በማስታወቂያ ተሞልቶ አገኘሁት፤ የት እንደሄደች የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። ጋሽ ይማምም ኋላ ወደ ኖርስቦሪ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቤት ቀየሩ። ካደግሁ በኋላ አሮጌ መጽሔት የሚሸጥባቸውን ሱቆች ዞሬ ጠይቄአለሁ፤ የድሮውን ዘብ ሁሉም ያውቁታል፣ እሷን ግን የሚያስታውስ አላገኘሁም። የሦስቱ እጀታዎች ታሪክም መጽሔቱ ላይ የታተመ ይሁን ጋሽ ይማም ለእኔ ብለው የፈጠሩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙም አያሳስበኝም።

ከዚያ ዘመን ይበልጥ አብሮኝ የኖረው፣ ውጤቱን በሰማንበት ዕለት ወደ ትዕግሥት የደወልነው ስልክ ነው። እናቴ «አሁን ማወቅ ትችላለች» ብላ ፈቀደችልኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነግሬያት ስጨርስ «ቃሉን እኮ አላውቀውም ነበር፤ አንቺ ብትሆኚ ታውቂው ነበር» አልኳት።

ትዕግሥት በወዲያ በኩል በር ስትዘጋ ሰማሁ።

«እኔም አላውቀውም ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። «ስንት ጊዜ በግምት እንደነገርኳት ብታውቂ! እማዬ እንዳትደነግጥ፣ እንዳላሳፍራት እያልኩ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በየቀጠሮው ዋዜማ ሆዴን ሲያመኝ ነው የሚያድረው።»

መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከእናቴ ጎን ተቀምጣ ስትፈራ የኖረችው እሷ ነበረች፤ ይህን ማወቄ ለምን እንደዚያ እንዳቀለለኝ ያኔ ማስረዳት አልችልም ነበር። እናቴ ግን መታገሥ አቃታት። «በይ ስጪኝ፣ እኔ ራሴ ልንገራት» ብላ መነጋገሪያውን ከእጄ ወሰደች። ቆማ፣ በአንድ እጇ አየሩን እየቀዘፈች፣ የሐኪሟን ድምፅ እያስመሰለች፣ ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ለማሞቂያው ሰጠሁ። ሙቀቱ በሹራቤ አልፎ ቀስ እያለ ሲገባኝ፣ እናቴ ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ደግማ ስታወራ እሰማለሁ፤ ከእኔ አፍ ቃል የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።